ወረቀት ያለው ሁሉ ዜጋ አይደለም

ነፋስ መውጫም ይሁን አርብ ገበያ፣ ወገዳም ይሁን መካነ ኢየሱስ፣ ውጭ አገር ስለሄደ ሰው ሲወራ ከጤናው ቀጥሎ የሚጠየቀው «ወረቀት አገኘ ወይ?» ተብሎ ነው። ሪያድ ያለችው ልጅ የያዘችው የመኖሪያ ካርድ ወረቀት ይባላል። ጀርመን የገባው ልጅ ጥገኝነት ሲፈቀድለትም ወረቀት አገኘ ይባላል። የአሜሪካው ግሪን ካርድ ወረቀት ነው፤ የአሜሪካው ፓስፖርትም ወረቀት ነው። አራቱ በሕግ ፊት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፤ በእኛ አፍ ግን አንድ ስም አላቸው። ስለ ስደትና ስለ ዜግነት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ከሚነገሩት የተሳሳቱ እምነቶች ብዙዎቹ የበቀሉት ከዚህች ቃል ነው። አገር ለቆ መሄድ አንድ ነገር ነው፤ በሰው አገር በሕግ መኖር ሌላ ነው፤ የዚያ አገር ዜጋ መሆን ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው የተጻፈ ሕግ ነው፤ ተማሪዎቻችንም ይህን ሕግ ከደላላ ሳይሆን ከመምህራቸው ሊሰሙት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ለምን ከእነዚህ ወረዳዎች ይጀመር ለሚል፣ መልሱ መሬቱ ላይ አለ። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በምግብ እጥረታቸው የታወቁ፣ የሴፍቲኔት መርሐ ግብር የሚያውቃቸው ወረዳዎች ናቸው። ማሳው ተዳፋት ነው፤ አፈሩ በጎርፍ ታጥቧል፤ ከአባት ወደ ልጅ በተላለፈ ቁጥርም እየተሸነሸነ ሄዷል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ መሄድ አዲስ ነገር አይደለም። ክረምቱ ሲወጣ ጎልማሳው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ሲወርድ ኖሯል፤ ልጃገረዷ ለቤት ሥራ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ዐረብ አገር ትሄዳለች። ከትልልቆቹ ክፍሎች ተማሪዎች መካከል የሄደ ዘመድ የሌለውን መፈለግ ሳይቀል አይቀርም። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ «የዜግነት ትምህርት» የሚባል የትምህርት ዓይነት አለ። ስሙ ይህ ሆኖ ሳለ ዜግነት በብዙዎቻችን አእምሮ የመልካም ጠባይ ስም ሆኖ ቀርቷል፤ ግብር መክፈል፣ ታላቅን ማክበር፣ የጋራ ንብረት መጠበቅ። እነዚህ ሁሉ ደግ ነገሮች ናቸው። ዜግነት ግን ከሁሉ በፊት በአንድ ሰውና በአንድ መንግሥት መካከል ያለ ሕጋዊ ማሰሪያ ነው፤ የሚታሰርበት፣ የሚፈታበትና እንደገና የሚታሰርበት አንቀጽ አለው።

ከተረቶቹ ሁሉ ብዙ ሰው የጎዳው «ብዙ ዓመት የኖረ ውሎ አድሮ ዜጋ መሆኑ አይቀርም» የሚለው ነው። ደላላው ለልጅቷ «እቱ፣ ሁለት ዓመት ጥርስሽን ነክሰሽ ሥሪ፣ ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ይስተካከላል» ሲላት የሚሸጥላት ይህን ተረት ነው። ሳዑዲ ዐረቢያ የምትሰጠውን የመኖሪያ ካርድ፣ ኢቃማን፣ በእጅ ይዞ ማንበብ ብቻውን ነገሩን ይገልጠዋል። ካርዱ ላይ የልጅቷ ስም፣ ቁጥሯ፣ የምትሠራው ሥራና የሚያበቃበት ቀን አለ፤ ካፊል የሚባለው የአሠሪዋም ስም አለ። የእሷ መኖር ከዚያ ስም ጋር የታሰረ ነው። ካፊሉ ካርዱን ካላሳደሰላት፣ ወይም ከቤቱ ጠፍታለች ብሎ ካመለከተባትና ሁሩብ፣ ማለትም ጠፊ፣ ከተባለች፣ አሥር ዓመት ብትኖርም በአንድ ቀን ሕገ ወጥ ትሆናለች። እ.ኤ.አ. በ2021 ሳዑዲ የአሠሪ መቀየሪያ ደንቧን ስታላላ እንኳ የቤት ሠራተኞችን አላካተተችም። በአጎራባቾቹም ዘንድ ለውጭ ሰው ዜግነት የሚሰጥበት ሕግ በወረቀት ላይ የለም ማለት አይደለም። ኩዌት 20 ዓመት መኖርንና እስልምናን ትጠይቃለች፤ ኳታር 25 ዓመት፣ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ደግሞ ዐረብ ላልሆነ ሰው 30 ዓመት ይላሉ። እነዚህን ቁጥሮች በየሁለት ዓመቱ ከሚታደስ የቤት ሠራተኛ ውል ጎን አስቀምጦ ማየት ነው። መንገዱ ለእሷ አልተሠራም።

ይህን ያለ ማስረጃ የምናገረው አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት ወር መጨረሻ ሳዑዲ ሕጋዊ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ሠራተኞች ማሰስ ስትጀምር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ከእነሱ ውስጥ ረጅም ዓመት የኖሩ ነበሩ፤ ዐረብኛውን እንደ አፍ መፍቻቸው የሚናገሩ፣ የሰው ልጅ አሳድገው ለወግ ለማዕረግ ያደረሱ ነበሩ። የኖሩበት ዘመን አንድ ቀን አልተቆጠረላቸውም፤ እንዲቆጠር የሚያደርግ ሕግ አልነበረምና። ልፋትና ሕግ ለየብቻ እንደሚሄዱ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ትምህርት አላውቅም።

«ይህን ለልጆች ማስተማር መሄድን ማስተማር ነው» የሚል ተቃውሞ ከወላጅም ከአስተዳደርም ሊነሳ ይችላል። ተቃውሞው ከፍቅር የመጣ ስለሆነ በቁም ነገር መመለስ አለበት። ዝም ማለት መሄድን የሚያስቀር ቢሆን ኖሮ እገዳ ይበልጥ ባስቀረው ነበር። መንግሥት በዚያው በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት ለሥራ ወደ ዐረብ አገሮች መሄድን አግዶ ነበር፤ እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ጥር ቆየ። በእነዚያ ዓመታት ሰው መሄዱን አላቆመም፤ በሕጋዊው በር ፋንታ በመተማ ወደ ሱዳን፣ በአፋርና በጅቡቲ አቋርጦ ወደ የመን ሄደ። በር ሲዘጋ ያተረፈው ደላላው ነው፤ ሕጉን የሚያውቀው እሱ ብቻ ስለሆነ ሕጉን በፈለገው ዋጋ ሸጠው። እንዲያውም ነገሩን በደንብ የተረዳ ተማሪ ለመቅረትም ምክንያት ያገኛል። ኢቃማ ወደ ዜግነት እንደማያደርስ ያወቀች ልጅ «ዐረብ አገር የምሄደው ይህን ያህል ብር ለማጠራቀም፣ ይህን ያህል ጊዜ ቆይቼ ለመመለስ ነው» ብላ ታሰላለች፤ ሒሳቡ ካልተሟላላት ትተወዋለች። ያላወቀችዋ ግን ሕይወቷን ሙሉ የምታስረክበው የሌለ ነገር ለመግዛት ነው።

የአሜሪካ የቪዛ ዕጣ የሆነው ዲቪ ሌላው የተረት ጎተራ ነው። «ዲቪ ደረሰው» ሲባል ሰፈሩ ልጁን አሜሪካዊ አድርጎ ይሸኘዋል። ዕጣው የሚያወጣው ግን ለመጠየቅ የመፈቀድን ዕድል ብቻ ነው። የአሜሪካ ሕግ በዓመት የሚመድበው ቢበዛ 55,000 ቪዛ ሲሆን፣ ዕጣ የሚወጣላቸው ከዚያ ይበልጣሉ፤ ስለዚህ ስሙ ወጥቶለት ቪዛ ሳይደርሰው የበጀት ዓመቱ የሚያልቅበት ሰው አለ። 12ኛ ክፍል ያልጨረሰ፣ በምትኩም ቢያንስ የሁለት ዓመት ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ ሁለት ዓመት ያልሠራ ሰው ቢደርሰውም አያልፍም። ትምህርቱን ከ8ኛ ክፍል ያቋረጠ ወጣት ገንዘቡን ለዲቪ ፎርም ሞሊ ከመክፈሉ በፊት ማወቅ የነበረበት ይህን ነው። ቃለ መጠይቁን አልፎ የገባ ሰውም የሚይዘው ግሪን ካርድ ነው፤ ይኖራል፣ ይሠራል፣ ግብር ይከፍላል፣ በአገሪቱ ምርጫ ግን ድምፅ አይሰጥም፣ ከባድ ወንጀል ቢሠራም ሊባረር ይችላል። ይህ ሁሉ ደንብ ደግሞ የዚያ አገር መንግሥት ሲፈልግ የሚያጠብቀው፣ ሲያሻው የሚያቆመው ነው። ስለዚህ ተማሪው ሊማር የሚገባው የአንድን ዓመት ደንብ በቃል መያዝን ሳይሆን የዘንድሮውን ደንብ ከትክክለኛው ምንጭ ፈልጎ ማንበብን ነው።

ከግሪን ካርድ ወደ ዜግነት ያለው መንገድ እንዲህ ነው። አመልካቹ 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ በቋሚ ነዋሪነት አምስት ዓመት መቆየት፣ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ ግማሹን በአካል እዚያው አገር መገኘት፣ ጠባዩ የተመሰከረለት መሆን ይጠበቅበታል። ከዚያ ኤን 400 የሚባለውን ቅጽ ይሞላል። እንግሊዝኛ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር ይፈተናል፤ ስለ አገሪቱ ታሪክና መንግሥትም በቃል ይጠየቃል። ለብዙ ዓመታት ፈተናው ከ100 ጥያቄዎች ተመርጠው እስከ 10 የሚቀርቡበትና 6 የመለሰ የሚያልፍበት ነበር። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 20 ቀን 2025 ጀምሮ ለሚያመለክቱት ጥያቄዎቹ 128 ሆነዋል፤ ከእነሱ እስከ 20 ይጠየቃሉ፣ 12 መመለስ ያስፈልጋል። በመጨረሻ እጅን አንሥቶ ቃለ መሃላ አለ፤ መሃላውም ለሌላ መንግሥት ያለን ታማኝነት መተውን በግልጽ ያስምላል። ጥያቄዎቹ ምስጢር አይደሉም፤ ከነመልሳቸው ታትመው የተለቀቁ ናቸው። አንዱ የአገሪቱ የበላይ ሕግ ምንድን ነው የሚል ነው፤ ሌላው የሕግ አውጪውን፣ የአስፈጻሚውንና የፍርድ ቤቱን ድርሻ ይጠይቃል። መምህሩ እነዚህን ለክፍሉ አቅርቦ ቀጥሎ ያንኑ ጥያቄ ስለ ኢትዮጵያ ቢያነሳ ጥሩ ትምህርት ይወጣዋል። አሜሪካዊ ለመሆን የሚጠየቀውን ያህል ስለ ራሳችን ሕገ መንግሥት መመለስ የሚችለው ተማሪ ስንት ነው? የእኛን 100 ጥያቄ ራሳቸው ተማሪዎቹ ቢያዘጋጁት ከብዙ ገጽ ማስታወሻ ይበልጥ ያስተምራቸዋል።

ጋብቻ ዜጋ ያደርጋል የሚለው እምነት ከዲቪ ጋር ተቆራኝቶ የሚኖር ነው። ዕጣ ከወጣ በኋላ በጥድፊያ የሚፈጸመውን የወረቀት ጋብቻ ሁሉም ያውቀዋል፤ ያልተነገረው አደጋው ነው። ለኢሚግሬሽን ጥቅም ብቻ የተፈጸመ ጋብቻ መሆኑ የተረጋገጠበት ሰው በኋላ እውነተኛ ትዳር ቢመሠርት እንኳ በትዳር ጓደኛ አማካይነት የመግባት በር ሊዘጋበት ይችላል። በማጭበርበር የተገኘ ዜግነትም ከዓመታት በኋላ በፍርድ ቤት ሊሻር ይችላል። እውነተኛው ጋብቻም ቢሆን ጊዜውን ያሳጥራል እንጂ ሕጉን አያስቀርም፤ አሜሪካዊ ያገባ ቋሚ ነዋሪ በአምስት ዓመት ፋንታ ከሦስት ዓመት በኋላ ሊያመለክት ይችላል። ፈተናው ግን ያው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የጎንደር ሰው ሊከራከር ይችላል፤ «እኛ እኮ በአንድ ቀን ዜጋ የሆኑ ሰዎች በዓይናችን አይተናል» ቢል አልዋሸም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ በአውሮፕላን ተጓጉዘዋል፤ ከእነሱ ብዙዎቹ የጎንደር መንደሮች ልጆች ነበሩ። እስራኤል ሲደርሱ ዜግነት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1950 በወጣው የመመለስ ሕግ ነው፤ ሕጉ ለአይሁዳዊ ሁሉ ያን መብት ይሰጣል። ተረቱ ከዚህ እውነት ተነሥቶ ለሁሉም የሚሆን መሰለ። ግን ራሱ ታሪኩ ተረቱን ያፈርሰዋል። አያቶቻቸው ክርስትና የተነሡት ፈላሻ ሙራዎች ከወገኖቻቸው ጋር አንድ ደም እያላቸው በዚያ ሕግ ስላልተካተቱ፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ ለዓመታት ሲጠብቁ ኖረዋል። ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት ወንድማማቾች ዘሮች፣ አንዱ በሕግ አንቀጽ ውስጥ ስለገባና ሌላው ስላልገባ፣ ዕጣ ፈንታቸው ተለያየ።

«ልጅ የተወለደበት አገር ዜጋ ነው» የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። በአሜሪካ ይህ እ.ኤ.አ. በ1868 የጸደቀው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ያስገኘው መብት ነው፤ እሱም ቢሆን በጥር 2017 ዓ.ም. በወጣ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ምክንያት ክርክር ተነሥቶበት ፍርድ ቤት ደርሷል። አብዛኛው ዓለም ግን እንደ እኛ የወላጅን ደም ይከተላል። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በአንዱ ልጅ ወልዳ ወደ ስማዳ የተመለሰች እናት ሕፃን እዚያ በመወለዱ ብቻ የዚያ አገር ዜጋ አይሆንም፤ በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 6 ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ነውና፣ አባቱ ማንም ይሁን ማን፣ ሕፃኑ የእኛ ነው። በሐዘኔታ ሳይሆን በመብት ትምህርት ቤት ይገባል። ሰፈሩ «ዐረብ» ብሎ ሲጠራው የሚሰማ መምህር ይህን አንቀጽ ጮክ ብሎ ቢያነብ ለአንድ ልጅ ትልቅ ሥራ ሠራ።

ከሁሉም የሚከብደው «ኢትዮጵያዊነት ከቶ አይጠፋም» የሚለው ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ቋንቋው፣ ማተቡ፣ የእናት አገር ናፍቆት በማኅተም አይሰረዝም። በሕግ ያለው ዜግነት ግን ይጠፋል። የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 በአንቀጽ 20 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጥረዋል። ሕጋችን ጥምር ዜግነትን አይቀበልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 33 ማንም ያለ ፈቃዱ ዜግነቱን አይገፈፍም ይላል እኮ ብሎ የሚከራከር ተማሪ ቢነሣ፣ መምህሩ ደስ ሊለው ይገባል፤ ተማሪው አንብቧል ማለት ነው። ለመልሱ ያንኑ አንቀጽ እስከ መጨረሻው ማንበብ ይበቃል። ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን የመለወጥ መብት አለው ይላል። አዋጁ የሌላውን አገር መሃላ የዚያ ፈቃድ መግለጫ አድርጎ ይወስደዋል። ይህ አቋም ልክ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ለክርክር ክፍት ነው፤ ጥምር ዜግነት ይፈቀድ የሚሉ ሰዎች ያላቸው ምክንያት ቀላል አይደለም። ሕጉ ምን እንደሚል ግን ክርክር የለበትም። የሄዱትን ከሃዲ የሚል አስተማሪም ተሳስቷል፤ ሕገ መንግሥቱ መብት ያደረገውን ነገር ነውር የሚያደርግ ሥልጣን የለውም።

ለእነዚህ ወገኖች የተተወ ሌላ በር አለ። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ ማለትም ራሱ ወይም ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ ሰው፣ ቢጫ ካርድ የሚባለውን መታወቂያ ያወጣል። ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ይኖራል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል። አይመርጥም ግን፣ አይመረጥም፤ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች አይቀጠርም። በበዓል ጊዜ ከአሜሪካ መጥቶ ሰንጋ የሚጥለው አጎት ከዘመድ መካከል ተቀምጦ ሳለ በሕግ እንግዳ መሆኑን የወንድሙ ልጅ ሊያውቅ ይገባል፤ ነገ እሱም መሃላውን ሲምል ምን እንደሚያስረክብ አስቀድሞ እንዲመዝነው። ደግነቱ መመለስ ይቻላል። ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ መኖሪያውን ያደረገ፣ የውጭ ዜግነቱን የተወና ያመለከተ ሰው ኢትዮጵያዊነቱ ይመለስለታል።

ኢትዮጵያ ራሷ ለባዕድ ዜግነት አትሰጥም የሚለው ደግሞ ጨርሶ ሐሰት ነው፤ ሕጉ ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ከዚያ በፊት የነበረውን ለማየት ከጋይንትና ከእስቴ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት አፄ ቴዎድሮስ የሰበሰቧቸው የአውሮፓ ሚስዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች አማርኛ ተናገሩ፣ አንዳንዶቹ ከአገሩ አግብተው ወለዱ፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ፣ ሴባስቶፖልን፣ ሠሩ። መድፉ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሲጎተት አብረው ሄዱ። ነገር ግን መሠረታቸው የንጉሡ ፈቃድ ብቻ ነበር፤ ንጉሡ ሲወዷቸው ባለ ማዕረግ፣ ሲቆጡ እስረኛ። በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሲሞቱ ከእንግሊዝ ጦር ጋር አብዛኞቹ ወጡ። የጋፋት ሰዎችና ኢቃማ ላይ የካፊሏ ስም የተጻፈባት የጋይንት ልጅ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ መኖራቸው በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ዜግነት የሚባለው ሕግ የተፈለሰፈው ሰውን ከዚህ ለማውጣት ነው።

ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ዜግነት ለሚጠይቅ የውጭ ሰው የአምስት ዓመት ኑሮና አማርኛን አቀላጥፎ መናገርንና መጻፍን ይጠይቅ ነበር። የ1996ቱ አዋጅ አራት ዓመት ይላል፤ ቋንቋውንም ከአገሪቱ ቋንቋዎች አንዱን አድርጎታል። ለአካለ መጠን መድረስ፣ መኖሪያን በኢትዮጵያ ማድረግ፣ ራስንና ቤተሰብን የሚያስተዳድር ሕጋዊ ገቢ፣ መልካም ጠባይ፣ ከወንጀል ቅጣት ነጻ መሆን፣ የቀድሞውን ዜግነት መተው ወይም ዜግነት አልባ መሆንን ማሳየት፣ በመጨረሻም ቃለ መሃላ። ኢትዮጵያዊ ወይም ኢትዮጵያዊት ላገባ ሰው ጋብቻው ሁለት ዓመት፣ ኑሮው አንድ ዓመት ከሆነ ይበቃል። ይህን ዝርዝር ከአሜሪካው ጎን ያስቀመጠ ተማሪ የሁለቱ ሕጎች አጥንት አንድ መሆኑን ያያል፤ ጊዜ፣ ቋንቋ፣ ጠባይ፣ መሃላ።

ስለ ራሳችን ወረቀቶችም ተረት አለ፤ ፋይዳ ያወጣ ዜግነቱ ተረጋገጠለት ይባላል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 መታወቂያውን የሚሰጠው ለነዋሪ ነው። አሥር ጣት፣ ሁለት ዓይን፣ የፊት ምስልና 12 አኃዝ ቁጥር ማን እንደሆንክ ይናገራሉ፤ የየት አገር ዜጋ እንደሆንክ አይናገሩም። በሕግ የገባ የውጭ ሰውም ፋይዳ ይኖረዋል። ወላጆች ሊዘነጉት የማይገባው የልደት ምዝገባ ነው፤ ሕፃኑ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ቀበሌ ቢመዘገብ፣ ከ18 ዓመት በኋላ ፓስፖርት ሲጠይቅ ማን እንደወለደው ለማስረዳት ምስክር ፍለጋ አይንከራተትም። አገር ውስጥ ለሚንቀሳቀሰው ወጣት ደግሞ ሌላ ነገር ልጨምር። ከስማዳ ወጥቶ በሌላ ከተማ መታወቂያ ሲጠይቅ መሸኛ አምጣ መባሉን እንደ ድንበር ቪዛ የሚያየው ብዙ ነው። መሸኛ የመዝገብ ማዘዋወሪያ ደብዳቤ ነው። በፈለገው የአገሪቱ ክፍል የመኖር መብቱን የሰጠው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 እንጂ የቀበሌው ማኅተም አይደለም፤ በመሬት ላይ ያለው አሠራር ከዚህ ሲርቅ ደግሞ ስሕተቱ የአሠራሩ ነው።

የመጨረሻው ግራ መጋባት «ስደተኛ» ከሚለው ቃል ይመጣል። በወርኃ ጽጌ የእመቤታችንን ስደት እያሰበ ላደገ ሕዝብ ስደት አንድ ቃል ነው፤ ሕግ ግን ይከፋፍለዋል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ሲደርስ ቤቱን ጥሎ ወደ ደብረ ታቦር የሸሸ ሰው ተፈናቃይ ነው፤ ድንበር አላቋረጠምና መብቱ የሚጠየቀው ከራሱ መንግሥት ነው። ለሥራ ጅዳ የሄደች ልጅ ፍልሰተኛ ናት። አሳዳጅ ኖሮበት ወይም ጦርነት ሸሽቶ ድንበር የተሻገረ ሰው በስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛ ይባላል። የጋይንትና የስማዳ ልጆች ለአጨዳ የወረዱበት፣ ወደ ካርቱም ያለፉበት የመተማ መንገድ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ወደዚህም ሰው ያመጣል። ከሱዳን ጦርነት የሸሹ በዚያው ገብተው ኩመርና አውላላ በሚባሉ ጣቢያዎች ተጠልለው ነበር፤ ዳባት አጠገብ ዓለምዋጭ ኤርትራውያን ሰፍረዋል። የእኛ ልጅ በሰው አገር የሚጠይቀውን ሁሉ እነሱ ከእኛ ይጠይቃሉ።

ለዚህ የሚሆን አንድ የክፍል ሥራ አለ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በመተማ የገባ አንድ ሱዳናዊ መካኒክ ይታሰብ፤ በሚያዝያ 2019 ዓ.ም. አራት ዓመት ይሞላዋል። አማርኛ ለምዷል፣ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል፣ ከአገሬው ሴት ጋር ሊጋባ አስቧል። ተማሪዎቹ የአዋጅ 378/1996ን አንቀጽ 5 ቅጂ ይዘው ሁለት ቦታ ይቀመጡ፤ ግማሾቹ የእሱን ማመልከቻ ይጻፉ፣ ግማሾቹ መርማሪ ይሁኑ። በጣቢያ ያሳለፈው ጊዜ መኖሪያን በኢትዮጵያ እንደማድረግ ይቆጠራል? የጋራዡ ገቢ ሕጋዊ መሆኑ በምን ይታወቃል? የሱዳን ዜግነቱን መተዉን አገሩ በጦርነት እያለ ከየት ያመጣዋል? ማመልከቻውን የጻፉት ተነሥተው ያንብቡ፤ መርማሪዎቹ በየአንቀጹ ይጠይቁ።